የግቢው እሳት ግቢ ይደር

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ለዘመድ ሰርግ ደምበጫ ሄደን ነበር። የሰርጉ ዋዜማ ማታ ግቢው በእንግዳ ሞልቷል። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ደርሷል፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ወንዶቹ ደግሞ ከጎሚስታ ቤት የመጣ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ውስጥ የባሕር ዛፍ ፍልጥ አንድደው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። የጎጃምን ጥር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ማታ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እሳቱ ዳር ያልተነሳ ወሬ አልነበረም። ልጆቹ ረመጥ ውስጥ ድንች ቀብረው «ደረሰ? አልደረሰም?» ይጨቃጨቃሉ፤ ትልልቆቹ የደምበጫን አረቄ በመለኪያ እየቀመሱ የድሮ ሰርግ ያነሳሉ።

እኩለ ሌሊት ላይ ሰው ሲበታተን ቸርኬው ውስጥ የቀረው ደም የመሰለ ፍም ብቻ ነበር። አክስቴ አየችውና «ይኼ ሁሉ ፍም ሜዳ ላይ አመድ ሊሆን ነው?» አለች። በአካፋ ዛቀችና የከሰል ምድጃ ላይ አድርጋ፣ እናቴና ሁለት የእህቴ ልጆች ወደተኙበት ክፍል አስገባችው። «እንዳይመርዝ» ብላ አንድ እፍኝ ጨው ነሰነሰችበት። በሩ ተዘጋ። የመስኮቱ ስንጥቅ ብርድ እንዳያስገባ በጨርቅ ተወተፈ። ሁላችንም አይተናል፤ አንዳችንም ግን አልተናገርንም። ዲግሪ አለኝ የምለው እኔም ጭምር።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ነገር «ዱብ» ሲል ሰማን። እናቴ ራሷን አሟት ልትወጣ ስትነሳ ጉልበቷ ከድቷት በሩ ሥር ወድቃ ነበር። ያ ድምፅ ባይቀሰቅሰን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ በሌላ ስሜት ነበር የምጽፈው። በሩን ስንከፍት ክፍሉ ውስጥ ጭስ የለም፤ ሽታም የለም፤ ደስ የሚል ሙቀት ብቻ። ልጆቹን ተሸክመን አወጣናቸው። ትልቋ አስመለሳት። ትንሿ ስትጠራ ቶሎ አልመለሰችም፤ በሌሊት ጤና ተቋም ተወስዳ ኦክስጅን ተደረገላት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ተርፈዋል። ሰርጉም በነጋታው ሆነ። እናቴ ግን ሙሽሮቹ ሲገቡ እልል ለማለት አቅም አልነበራትም።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ወር ርዕሳችን የግቢ እሳት ማንደጃ ነው። ዛሬ ዛሬ በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም የግቢ እሳት እየተለመደ መጥቷል። ሎጆች ለእንግዶቻቸው ያነዳሉ፤ ግቢ ያላቸው ካፌዎች ማታ ማታ ጠረጴዛ መሀል ያቀርባሉ፤ ግቢ ያለው ሰውም «እኛስ?» ይላል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከቡሄ ችቦ እስከ መስቀል ደመራ፣ ክብ ሠርቶ እሳት ዙሪያ መቆም ባህላችን ነው፤ የመስቀል በዓላችን እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ መዝገብ የሰፈረውም ከነደመራው ነው። ስለዚህ ጥያቄው እሳት እናንድድ ወይስ አናንድድ አይደለም። በምን እናንድድ፣ የት እናንድድ፣ ሲያበቃስ ምን እናድርገው የሚለው ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። እኛን ሊያስከፍለን የነበረው ግን እሱ ነው።

ማንደጃ ሲመርጡ

በሙያዬ ዕቃ የሚያሻሽጥ ሰው ነኝና አንድ የገበያ ምሥጢር ልንገርዎት፦ ማንደጃ ሲሸጥ የሚታየው ቅርጹና ቀለሙ ነው፤ የሚያገለግለው ግን ውፍረቱና የአየር መግቢያው ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንዲሉ፣ አበባ የተበየደበት ማንደጃ አየር ካልገባው ጭስ እንጂ ሙቀት አይሰጥም። በአገራችን በቀላሉ የሚገኙት አራት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው አሮጌ ቸርኬ ነው። ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ እንደመሆኗ ቸርኬ አይጠፋባትም፤ በእርስዎም ከተማ ጎሚስታ ቤት ጎራ ቢሉ ያገኛሉ። የጭነት መኪና የብረት ቸርኬ ወፍራም ነው፣ ለዓመታት ያገለግላል፣ ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም ከሥር አየር ያስገቡለታል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ቸርኬው የአሉሚኒየም አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ በደንብ የነደደ እንጨት ደግሞ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ከያዘ ብረት ነው። ሁለተኛ፣ ጎማው ሙሉ በሙሉ የወለቀ ይሁን። ጎማ ያለበትን ቸርኬ ማሞቅ ፈንጂ እንደ መለኮስ ነው።

ሁለተኛው ብየዳ ቤት የሚሠራው ነው። ሲያሠሩ ላሜራው ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ የሳሳ ላሜራ በጥቂት ወራት ይጣመማል፣ ከዚያም ይበሳል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ወይም ቱቦ ፈጽሞ አያስገቡበት፤ ሲግል የሚወጣው የዚንክ ጭስ ያሳምማል። ኬሚካል ወይም ዘይት የነበረበት በርሜል ተቆርጦ ሲመጣልዎትም «ምን ነበረበት?» ብለው ይጠይቁ። ባለቤቱ ካላወቀ አይግዙ። እግሩን ሦስት ያድርጉት። አራት እግር ያለው ዕቃ ሜዳው ካልተስተካከለ ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር ግን የትም ቢቀመጥ ይረጋል። እናቶቻችን ጉልቻን ሦስት ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛው ሸክላ ነው። ሜክሲኮዎች ቺሚኒያ የሚሉት፣ ሆዱ ሰፊ፣ ፊቱ አፍ ያለው፣ አናቱ ላይ አንገት መሰል ጭስ ማውጫ ያለው የሸክላ ምድጃ አላቸው። አንገቱ ጭሱን ወደ ላይ ይስባል፤ ሲስብ ንጹሕ አየር በአፉ ይገባል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ይሞቃል እንጂ ዓይኑ አያለቅስም። ጀበናና ጋን የሚሠሩ እጆች ይህን መሥራት አያቅታቸውም። ሥዕሉን አሳይተው ሸክላ ሠሪ ቢያዝዙ ግድግዳው ወፈር እንዲል፣ አንገቱም እንዳይጠብ ይንገሩ። ሸክላ ለዓይን ደስ ይላል፣ ሙቀቱንም ይይዛል፤ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛው ድንጋይ ከብቦ መሥራት ነው። ከሁሉም ርካሽ ነው። ነገር ግን ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ አይጠቀሙ። ውስጡ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ሲግል ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩ ይፈነዳል፣ ስብርባሪውም ሰው ላይ ይወነጨፋል። ከደረቅ መሬት የተገኘ ወይም በደንብ የተተኮሰ ጡብ ይሻላል።

ግቢዎ ጠባብ ከሆነና የምትሞቁት ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆናችሁ፣ ትልቅ ማንደጃ አያስፈልግዎትም። ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ የሆነው ላቀች ምድጃ በረንዳ ፊት ለፊት፣ ደጅ ላይ ሆኖ ቡናም ያፈላል፣ እጅም ያሞቃል፣ ከሰልም ይቆጥባል። ደጅ ላይ ያልኩትን ልብ ይበሉልኝ።

የት ይቀመጥ?

ከቤቱ ግድግዳ፣ ከአጥርና ከጣሪያ ጠርዝ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የዛፍ ቅርንጫፍም ሆነ የመብራት ሽቦ በላዩ አይኑር። ዳስ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ሸራ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት ፋታ አይሰጥም። ገጠር ቤተሰብ ያለዎት ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ያስቡ። ነዶው የሚከመረው፣ ጭዱ የሚቆለለው፣ ብርዱም የሚበረታው በዚሁ ወቅት ነው። አንዲት ፍንጣሪ የዓመት ልፋት ትበላለች። ከክምርና ከሣር ቤት በተቻለ መጠን ይራቁ፤ ነፋስ ካለ ደግሞ ያን ማታ እሳቱ ይቅር። ጋቢ ደርቦ መጫወትም ይቻላል።

ከመለኮስዎ በፊት ሁለት ባልዲ አጠገብዎ ያኑሩ፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ አፈር ወይም አሸዋ። በእሳቱ ዙሪያ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በኖራ ወይም በድንጋይ ክብ ያስምሩና ለልጆች «ከዚህ መስመር አይታለፍም» ይበሏቸው። ልጅ «ተጠንቀቅ» ሲባል አይገባውም፤ መስመር ግን ይገባዋል። የነጠላና የጋቢ ጫፍ፣ ናይለን ቀሚስና ረጅም ሻርፕ ወደ ኋላ ይሰብሰቡ። ናይለን ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ምን ይንደድ?

የእሳት ጭስ ብዛት በአብዛኛው የእንጨቱ እርጥበት ነው። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚያጠፋው የራሱን ውሃ በማፍላት ነው። ከመስቀል በኋላ የተቆረጠና የተፈለጠ እንጨት ዝናብ በማይደርስበት ከፍ ብሎ ከተደረደረ እስከ ግንቦት ድረስ ለማገዶ ይደርሳል። መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ ያጋጩ፤ «ቃ» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፣ «ዱፍ» ካለ ገና ነው።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የደጋው ሰው ዋና ማገዶ ሆኗል። ደረቁ ፍልጥ ጥሩ ሙቀት ይሰጣል፣ ቅርፊቱና ጭራሮውም ለመለኮሻ የሚስተካከለው የለም። ቅጠሉ ግን ዘይት ስላለው ድንገት ቦግ ይላልና በእፍኝ አይጨምሩበት። ጽድ ሽታው ያውዳል፣ ግን ይፈነጥቃል፤ ልጆች ባሉበት አይመከርም። ወይራ ትንሽ ፍላጭ ለመዓዛ ብትጨመር በቂ ናት፤ ወይራንና ዋንዛን ለማሞቂያ ብሎ መፍጀት ግን ነውር ነው፣ እየጠፉብን ያሉ ዛፎች ናቸው። ቁልቋል በጭራሽ አይግባ፤ ወተቱ ብቻ ሳይሆን ጭሱም ዓይን ያቃጥላል።

ከሰል ከፈለጉ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ከደምበጫ በቡሬ በኩል ወደ እንጅባራ ሲያልፉ አዊ ውስጥ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር እንደ ሰብል ይዘራል። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል፣ በአራት አምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል፣ እንደገና ይተክላል። አዲስ አበባ ድረስ የሚጫነው ከሰል አንዱ ክፍል ከዚያ የሚመጣ ነው። ለማገዶ ተተክሎ የተቆረጠ ዛፍና ከተፈጥሮ ደን የተጨፈጨፈ ዛፍ ከሰላቸው ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ለልጆቻችን የሚተርፈው አገር ግን አንድ አይደለም።

ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ቺፑድ፣ የተሰባበረ የቤት ዕቃ፣ ፌስታል፣ ጎማና ፕላስቲክ ማንደጃ ውስጥ አይገቡም። ከሰል በፌስታል መለኮስ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ግን መርዝ ነው፣ በላዩ የተጠበሰው በቆሎም ያንኑ ይበላል።

አለኳኮስና አጠባበቅ

መጀመሪያ ደረቅ ጭራሮና ቅርፊት፣ ከላዩ ቀጫጭን ፍልጥ እንደ ጎጆ አቁመው በክብሪት ይለኩሱ። ሲያያዝ ወፈር ያለውን ይጨምሩ። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ አያስፈልጉም። በተለይ እሳቱ የጠፋ መስሎዎት ፍም ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ማለት ነበልባሉን በእጅዎ ወዳለው ጀሪካን መጥራት ነው። አረቄም እንዲሁ! በሰርግና በማኅበር ሞቅ ያለው ሰው «እስቲ ጥንካሬዋን እንያት» ብሎ መለኪያውን እሳት ላይ ሲደፋ አይቻለሁ። ጠንካራ አረቄ ይነዳል፤ የነደደውም መለኪያው ድረስ ሊከተል ይችላል። አረቄው ለእንግዳ፣ እሳቱ ለብርድ ይሁን።

ጥሩ የግቢ እሳት ትንሽ እሳት ነው። ነበልባሉ ከማንደጃው ጠርዝ ብዙ ካለፈ፣ ወይም በሸክላው አንገት በላይ ከወጣ፣ አብዝተዋል ማለት ነው። ትልቅ እሳት ሰውን ያርቃል፤ ትንሽ እሳት ግን ያቀራርባል። በቆሎ እሸት መጥበስም ሆነ ድንች መቅበር የሚያምረው ነበልባሉ አልፎ ፍሙ ሲቀር ነው።

እሳት የሚነድበት ቦታ ቢያንስ አንድ ያልጠጣ፣ ያልተኛና የማይሄድ አዋቂ ሰው ይኑር። ቤተሰብ ተራ ይግባ። «ሁላችንም አለን» ማለት ብዙ ጊዜ «ማንም የለም» ማለት ነው።

ማሟሸትና እንክብካቤ

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ አዲስ የሸክላ ማንደጃም ሳይሟሽ ትልቅ እሳት አይነድበትም። ከታች እስከ አንድ ጣት ቁመት ደረቅ አሸዋ ያድርጉበት፤ ፍሙ ሸክላውን በቀጥታ እንዳይነካው ነው። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጭራሮ ብቻ አንድደው ራሱ እስኪበርድ ይተዉት። በማግስቱ ትንሽ ይጨምሩ። እንዲህ እያሉ አራት አምስት ጊዜ ካሟሹት በኋላ ፍልጥ ይችላል። ትኩስ ሸክላ ላይ ውሃ ማፍሰስ አይገባም፤ ወዲያው ይሰነጠቃል። የሸክላው ሌላ ጠላት ክረምት ነው። ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ሸክላ ላይ እሳት ሲነድ እንፋሎቱ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ከሰኔ ጀምሮ ጡብ ላይ ከፍ አድርገው መጠለያ ሥር ያስቀምጡት፣ አናቱን ይክደኑ፣ ግን አየር ይግባው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ብለው ቢያወጡትም በመጀመሪያው ማታ እንደ አዲስ በጭራሮ ያሙቁት።

ብረት ደግሞ ጠላቱ እርጥብ አመድ ነው። አመድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ብረት ይበላል። ስለዚህ በበረደ ቁጥር ይጥረጉት፣ ከሥሩ ያሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ይክፈቱ፣ ከዝናብ ይሸፍኑት። አሮጌ ቸርኬ መጀመሪያ ሲነድ ቀለሙና ቅባቱ ስለሚጨስ ሰው በሌለበት፣ ምግብ ሳይኖርበት አንድ ሁለት ጊዜ ያቃጥሉት።

«እሳት አመድ ወለደ» የሚለው ተረት ለሰነፍ ልጅ የተነገረ ነው፤ ለጓሮ ግን አመድ ጥሩ ልጅ ነው። የጎጃም ደጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ኖራ የሚበትንበትም ለዚሁ ነው። የእንጨት አመድም አሲዱን ያለዝባል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል። ጎመንና ሽንኩርት መደብ ላይ ሳሳ አድርገው ይበትኑት፤ ድንች መደብ ላይ ግን አያብዙ፣ እከክ መሰል በሽታውን ሊያባብስበት ይችላል። ቀለም ወይም ፕላስቲክ የተቃጠለበት አመድ ጓሮ አይገባም። አመድ ከላይ በርዶ ከውስጡ ፍም ሊያድር ስለሚችል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳያልፈው ፌስታል ወይም ማዳበሪያ ውስጥ አያድርጉት። የብረት ባልዲ ይጠቀሙ።

ፍሙ ወደ ቤት እንዳይገባ

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። ሐኪሙ ያስረዳን እንዲህ ነው፦ ከሰልና ፍም ሲነዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣቸዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ ከዚህ ጋዝ ጋር ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ጋዙ ቦታውን ከያዘ ሰው አየር እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳያውቀው ያልፋል።

ብዙዎቻችን «ከሰሉ በደንብ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» ብለን እናምናለን። ስሕተቱ ይኸው ነው። ጭስ ቢያንስ ያስነጥሳል፣ ያስወጣል። ቀይ ፍም ግን ጭስ ሳይኖረው ጋዙን ማውጣቱን ይቀጥላል፤ በተዘጋ ቤት አየሩ እያነሰ ሲሄድ ደግሞ የሚወጣው ይጨምራል። ፍም ላይ አንዳንዴ የምናየው ሰማያዊ ነበልባል ራሱ ይህ ጋዝ ሲነድ ነው። ጨው መነስነስ ከሰሉ እንዳይፈነጥቅ ይረዳ ይሆናል፤ ጋዙን ግን አይነካውም። ዕጣን ማጨስም፣ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም እንዲሁ።

ደምበጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ ከዚህም በላይ ናችሁ። ስለዚህ ጋዙ የሚሰርቀን ቀድሞም ካነሰው ላይ ነው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊና የልብ ሕመምተኛ ደግሞ ከሁላችን ቀድመው ይጎዳሉ።

እንግዲህ በእኛ ቤት ከዚያ ወዲህ የወጣው ሕግ ይህ ነው፤ እርስዎም ቢወስዱት ደስ ይለኛል፦

ከመተኛታችን ግማሽ ሰዓት በፊት እንጨት መጨመር እናቆማለን።
ፍሙን በመቆስቆሻ በትነን ውሃ ቀስ እያልን እናፈሳለን፣ እናማስላለን፣ እንደገና እናፈሳለን። ሸክላ ከሆነ በውሃ ፋንታ በአሸዋ እንቀብረዋለን።
የእጃችንን ጀርባ አስጠግተን ሙቀት ከተሰማን አልጠፋም።
ፍም፣ ከሰልና የሞቀ አመድ የሰው መኝታ ክፍል አይገቡም። ለአንድ ደቂቃም፣ ለአራስም፣ ለእንግዳም ቢሆን።
ብርድ ከበረታ የፈላ ውሃ በጠርሙስ ወይም በጎማ ከረጢት፣ በፎጣ ተጠቅልሎ እግር ሥር ይገባል፤ ካልሲና ተጨማሪ ጋቢ ይታከላል።

ቤትዎ ውስጥ ይህ ቢደርስ በሩንና መስኮቱን ወለል አድርገው ይክፈቱ፤ ሰውየውን ወዲያው ደጅ ያውጡት፤ እሳቱን የሚያስወጣው ሰው ትንፋሹን ይዞ ገብቶ ይውጣ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም፣ ሎሚም፣ ምንም ነገር በአፉ አይስጡ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝተው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ። «ነፋስ መታውና ተሻለው» ብለው አይቅሩ፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነውና ሐኪም ይየው።

ቃጠሎ ቢደርስም አንድ ነገር ብቻ ያስታውሱ፦ ንጹሕ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ቅቤና አመድ ሙቀቱን ከውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። ውሃ ያቋጠረውን አያፍርጡ። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

እና አክስቴ

አክስቴን ማንም አልወቀሳትም። እሷ ያደገችው ጭሱ በሣር ክዳን ውስጥ ለውስጥ በሚወጣበት፣ ግድግዳው በሚነፍስበት ጎጆ ነው። እዚያ ቤት ፍም መሀል ላይ አድሮ ሰው በሰላም ይነሳ ነበር። አሁን ቤቱ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሆኗል፣ መስኮቱ መስታወት ሆኗል፣ ኮርኒስ ተገጥሟል። ቤቱ ሲለወጥ ልማዱ አልተለወጠም። አደጋው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ስለዚህ ለእናትዎ፣ ለአክስትዎ ወይም ለቤት ሠራተኛዎ ሲነግሩ «አታውቂም» ብለው አይጀምሩ። «ቤቱ እንደ ድሮው አይደለም፣ አየር አያስገባም» ይበሏቸው። ይገባቸዋል።

ዘንድሮ ጥርም ደምበጫ ነበርን። ያው ቸርኬ፣ ያው ክብ፣ ያው ድንች። እኩለ ሌሊት ላይ ሰው ሲነሳ ከሁሉ ቀድማ ባልዲውን ያነሳችው አክስቴ ናት። ውሃውን አፈሰሰች፣ ፍሙ «ሽሽሽ» አለ፣ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጣ። ትንሿ የእህቴ ልጅ አጠገቧ ቆማ «ሞተ?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ የእጇን ጀርባ አስጠግታ «ትንሽ ይቀረዋል፣ ጨምሪበት» አለቻትና ባልዲውን ሰጠቻት።

የግቢዎ እሳት ግቢ ይደር። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።